ከሩቅ የተለካ ወንበር

ጥቅምት 3

ለማላውቅሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጥርሴን ትንሽ ያመኛል እንጂ። ባለቤቴም ደህና ናት፤ እሷን የሚያማት እኔ ነኝ።

«ለምን በስልክ አናወራም?» ላልሽው መልሱ አጭር ነው። በስልክ ማንም ያወራል። ሕፃን ያወራል፣ ሰካራም ያወራል። እኔ ግን ቀን መጋዝ ስገፋ እየዋልኩ፣ ማታ ከልጆቼ በምታንስ መምህር ፊት ቁጭ ብዬ ፊደል ስቆጥር የከረምኩት «ሃሎ» ለማለት አይደለም። ከክፍላችን አንደኛ ነው የወጣሁት። ሁለተኛ የወጣችው የባንክ ጥበቃ «ከእኔ ኮርጀህ ነው» ትላለች፤ ቅናት ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ። የወለድኳት ልጄ ደብዳቤውን በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች፤ አንቺም እንደዚያው አድርጊ።

የሙያ ማኅበራችን «ሩቅ ያሉ ወጣቶችን ባሉበት የሚደግፉ ባለሙያዎች እንፈልጋለን» ሲል መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነኝ። የማኅበሩ አስተባባሪ ግማሽ ቀን አሠለጠነችን። ምን አለች መሰለሽ? «አማካሪ አይመክርም፤ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል።» እኔም «እመቤቴ፣ ይሄ ሐኪም አያክምም፣ ሾፌር አይነዳም እንደማለት አይደለም ወይ?» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም።

ይሁን፣ ልጠይቅሽ። እንደሰማሁት አባትሽ አናጢ ነበሩ፤ ነፍስ ይማር። ሱቃቸውን ትተውልሽ ሄዱ። አጎትሽ ደግሞ ለስልክ ነጋዴ ላከራየው ብሎ ተነሥቷል። ስምምነታችሁ፦ ክሊኒኩ ያዘዛቸውን የተራ መጠበቂያ ወንበሮች በደንብ ሠርተሽ ካስረከብሽ ሱቁ ያንቺ፣ ካቃተሽ የስልክ ነጋዴው። እስከዚህ ልክ ነኝ? እንግዲያው ጥያቄዬ ይኸው፦ ከእኔ የተሻለ አናጢ የት አገኛለሁ ብለሽ ነው ለማኅበሩ መልስ ለመስጠት ሳምንት የፈጀሽው?

አክባሪሽ፣
አናጢው


ጥቅምት 9

ይድረስ ለጋሼ፣

ስለ ጥርስዎ አዝናለሁ። የዘገየሁት እንጨት እየላግኩ ስለነበር ነው፤ ይቅርታ።

የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። እኔ በማኅበሩ በኩል የጠየቅኩት የወንበሩ መቀመጫ ከመሬት ምን ያህል ከፍ ይበል፣ መደገፊያውስ ምን ያህል ወደ ኋላ ይዘንበል የሚል ነበር። ስለ መምህርዎ፣ ስለ ባንክ ጥበቃዋና ስለ ክፍል ደረጃዎ ብዙ ዐውቄያለሁ። ስለ ወንበር ግን ምንም።

ለጠየቁኝ መልስ፦ አዎ፣ እንደሰሙት ነው። እጄ መጥፎ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ከአባቴ ጋር ሠርቻለሁ። ግን መለካትና ምልክት ማድረግ የእሱ ሥራ ነበር፤ እሱ ባሰመረበት እኔ እቆርጣለሁ፣ እልጋለሁ፣ እገጥማለሁ። ልኩን ሁሉ በጭንቅላቱ ይዞት ሄደ። የሠራቸው ወንበሮች ተሸጠው አልቀዋል፤ ቤት የቀረን በርጩማ ነው። ሰፈር ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ነው። እሱን በሜትር ልለካና ልነሣ?

በሰፈሩ ሚስማር ይሉኛል። ቀጭን ስለሆንኩ ነው። አጎቴ ግን «ካልመቷት አትገባም ማለታቸው ነው» ይላል። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆሞ ሱቁን በዓይኑ ይለካል። የስልክ ነጋዴው በየማለዳው እየመጣ «እነዚህን የእንጨት መደርደሪያዎች አንሡልኝ፤ እኔ በመስታወት ነው የምሠራው» ይላል፤ ገና ሳይከራይ።

እባክዎ ጋሼ፣ ልኩን ብቻ።

ሚስማር


ጥቅምት 12

ለሚስማር፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። ጤናሽ ግን አልደረሰኝም፤ ደህና ነኝ እንኳ ሳትዪ ዘለልሽው። ሰላምታ የሚዘል ሰው ኮላው ሳይደርቅ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው።

የፕላስቲክ ወንበር ልለካ ወይ ላልሽው፦ እኔ ሞቼ ነው። የፕላስቲክ ወንበር የተሠራው ሰው እንዳይቆይበት ነው። ስለ ሜትር ላልሽው ደግሞ፦ ሜትር የሚይዘው እጅ የሌለው ሰው ነው። አባትሽ ልኩን በጭንቅላታቸው ከያዙት፣ እኔ በእጄ ይዤዋለሁ። በዕድሜዬ ሜትር ይዤ አላውቅም፤ የሠራሁት ወንበርም ማንንም ጥሎ አያውቅም። አንድ ዳኛ ብቻ ወድቋል፤ እሱም ጠጥቶ ነበር።

እንግዲህ ያዢ። ከመሬት እስከ መቀመጫ ሁለት ስንዝር፣ ሁለት ጣት ሲቀረው። የመቀመጫው ወርድ ሁለት ስንዝር፣ አንድ ጣት ሲቀረው፤ ጥልቀቱም እንደዚያው። መደገፊያው ከመቀመጫው ወደ ላይ ሁለት ስንዝር፣ ወደ ኋላ ሲዘነብል ሦስት ጣት። ስንዝር ማለት ከአውራ ጣት ጫፍ እስከ ትንሿ ጣት ጫፍ ነው፤ ሳትሰስቺ ዘርጊው። አለቀ። ይህንን ዩኒቨርሲቲ ብትገቢም አታገኚው።

አስተባባሪዋ ደውላ «ጋሼ፣ ልጅቷን ይጠይቋት እንጂ አይዘዟት» ብላኛለች። ስለዚህ ልጠይቅሽ፦ ገባሽ?

አናጢው


ኅዳር 1

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? እኔ ደህና ነኝ፤ ይኸው ጻፍኩት። ጥርስዎስ ተሻለዎት?

ገብቶኝ ነበር። ሁሉንም ቆርጬ፣ ልጌ፣ ገጥሜ ጨረስኩ። ፎቶውን ይመልከቱት፤ ግድግዳው ሥር ብቻውን ያቆምኩት የመጀመሪያው ነው። ተቀመጥኩበት። ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ በዕድሜዬ እንዲህ የተመቸኝ ወንበር የለም። ሌላ ወንበር ላይ እግሬ ይንጠለጠላል፤ እዚህ ላይ መሬት ረገጥኩ። ወገቤንም ያዝ አድርጎኛል። አጎቴ አየው፣ አየውና በጣቱ አንኳኩቶት ሄደ። እሱ እንጨት ካንኳኳ ወይ ደስ ብሎታል ወይ ከፍቶታል።

ነገ ክሊኒኩ መኪና ይልካል። የዚያን ጊዜ ለተናገርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቀልድዎ በዝቶብኝ እንጂ ልብዎ ጥሩ ነው።

ሚስማር


ኅዳር 3

ለጎበዟ ልጄ፣

ፎቶውን አየሁት። አየሁት ብቻ? ለመምህሯ አሳየሁ፣ ለባንክ ጥበቃዋ አሳየሁ፣ ዳቦ ስገዛ ሰልፍ ላይ ከፊቴ ለቆመ ለማላውቀው ሰውዬ አሳየሁ። አቋሙ፣ ቁመናው፣ የመደገፊያው ዘንበል ማለት፣ ቁርጥ የእኔ ሥራ። ጥበቃዋ «አንተ የሠራኸው አይደለም እኮ» አለችኝ። «እጄን ልኬላት ነው የሠራችው» አልኳት።

ባለቤቴ ፎቶውን ትኩር ብላ አይታ «ከጎኑ ሰው ቢቆም ጥሩ ነበር» አለች። ሴትዮዋ ፎቶ ላይ ሰው ካላየች ፎቶ አይመስላትም።

ክሊኒኩ ምን አለ? ቶሎ ጻፊ። አስተባባሪዋ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ስለዚህ ሥራ እንድናገር ጠይቃኛለች። ማለቴ፣ እኔ ጠይቄያታለሁ።

አናጢው


ኅዳር 14

ለሚስማር፣

ምነው ዝም አልሽ? ከዚህ በፊት ለላክሁት አልመለስሽም። ስብሰባው ላይ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝ። ሰው እያጨበጨበ እያለ ከክሊኒኩ የተገኘውን ምስጋና ልጨምርበት ብዬ ስልኩን ባይ ባዶ ነው። እንደ ሞኝ ቆሜ ቀረሁ፤ ከዚያም ምስጋናውን ራሴ ፈጥሬ ተናገርኩት።

አስተባባሪዋን ብጠይቃት «ትንሽ አሟታል» አለችኝ። አማካሪሽ ሳይሰማ አስተባባሪዋ ሰማች? ምንሽን ነው ያመመሽ? እጅሽን ከሆነ ለእኔ ንገሪኝ፤ ሌላ ቦታ ከሆነ ለሐኪም ንገሪ። ይሄ ከሩቅ መደገፍ የሚሉት ነገር ድጋፉ ቀርቶ ሩቁ ብቻ ሊሆንብኝ ነው። አጠገቤ ብትሆኚ ኖሮ ፊትሽን አይቼ እለየው ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ፊት የለው።

ሰው ዝም የሚለው ሲቆጣ ነው ወይ ሲያፍር። አንቺ የቱ ነሽ?

አናጢው


ኅዳር 17

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? አላመመኝም። አሟታል በይልኝ ያልኳት እኔ ነኝ፤ ይቅርታ።

ስለ ክሊኒኩ ለጊዜው አይጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን ይላኩልኝ። ቀኝ እጅዎን ወረቀት ላይ ዘርግተው ያስቀምጡና ዙሪያውን በእርሳስ ያስምሩት። ፎቶ አይሆንም። ወረቀቱን ራሱን በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ይላኩልኝ። ለምን እንደሆነ ሲደርሰኝ እነግርዎታለሁ።

ሚስማር


ኅዳር 19

ለልጄ፣

ወረቀቱ ይኸው። ለምን እንደሆነ ባትነግሪኝም ገብቶኛል፤ ለመናገር አፍረሽ ነው። ሱቅሽ ግድግዳ ላይ ልትሰቅይው ነው። ባለሥልጣን ፎቶ ይሰቀልለታል፤ አናጢ ግን እጁ ነው መሰቀል ያለበት። አስተዋይ ልጅ ነሽ።

አንድ ወረቀት አልበቃው ብሎ ሁለት አጣብቄያለሁ። ባለቤቴ ስታሰምርልኝ ኮርኩራኝ ስለሳቅኩ ትንሿ ጣት ተወላግዳለች፤ በእውነቱ ቀጥ ያለች ናት። ሾፌሩ አየውና «ይሄ የሰው ነው የዝንጀሮ?» አለኝ። «የአናጢ ነው፤ በሩን ዝጋና ንዳ» አልኩት።

ፍሬሙን ራስሽ ሥሪው። መስታወት ይኑረው።

አናጢው


ኅዳር 23

ጋሼ፣

ወረቀቱ ደረሰኝ። የሥራ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ እጄን በእጅዎ ላይ አስቀመጥኩት። የእኔ እጅ ከነጣቶቹ የእርስዎ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። የእኔ ስንዝር ካለቀ በኋላ የእርስዎ ገና ብዙ ይሄዳል።

አሁን ክሊኒኩ ምን አለ ብለው ይጠይቁኝ። ኃላፊዋ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ ደረቷ ጋ ደረሰ። አንድ የታመሙ ሽማግሌ ቁጭ ብለው መነሣት አቃታቸው፤ ሁለት ነርሶች በብብታቸው ይዘው አነሷቸው። አንዲት ወፈር ያሉ ሴትዮ ደግሞ ሲነሡ ወንበሩም አብሯቸው ተነሣ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ የታመመው ሳይቀር። ወንበሮቹ በመጡበት መኪና ተመልሰው እዚህ ተከምረዋል። አጎቴ የገባ የወጣውን ሁሉ «ና የአሻንጉሊት ዕቃ እይ» ይለዋል። ፎቶ ላይ አያስታውቅም፤ ሁሉም ነገሩ እኩል ነው ያነሰው። እኔም አላወቅኩም፤ ለእኔ ልኬ ነው።

ሜትር ልያዝ ብዬ ጠየቅኩ። የፕላስቲክ ወንበር ልለካ ብዬ ጠየቅኩ። «እጅ የሌለው ሰው ነው» አሉኝ። እጅማ ነበረኝ፤ የእርስዎ አልነበረም እንጂ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲሉ እሰማ ነበር፤ አሁን አየሁት።

ክሊኒኩ እስከ ወሩ መጨረሻ ጠብቆ ሥራውን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ነው። የስልክ ነጋዴው የመስታወት ሳጥኑን አምጥቶ በሩ ላይ ገትሮታል፤ ወደ አባቴ ሱቅ በጎኔ እየተሽሎከለኩ ነው የምገባው። አስተባባሪዋ «አማካሪ ልቀይርልሽ?» ብላኛለች። እያሰብኩበት ነው።

እስከዚያው ምክር አይላኩልኝ።

ሚስማር


ኅዳር 25

ለሚስማር፣

ምክር አልልክም። ይኸው፣ አልላክሁም።

ግን መባል ያለበት ይባላል። አንደኛ፣ እጄን እኔ አልሠራሁትም። ሁለተኛ፣ እጅሽ ይህን ያህል ትንሽ መሆኑን ከየት ልወቅ? የእጅ ጽሑፍሽ ትልቅ ነው። ሦስተኛ…

ሦስተኛውን ባለቤቴ አሰረዘችኝ። «እስኪ የጻፍከውን አንብብልኝ» አለች። አነበብኩላት። «ይቅርታ የሚለው የቱ ጋ ነው?» አለችኝ። «ወደ ታች ይመጣል» አልኳት። «እንግዲያው ቶሎ ውረድ» አለችኝ።

ስንቱን ልጅ አሠልጥኛለሁ፤ ሁሉም አጠገቤ ነበሩ። «እስከዚህ ድረስ» ስል እጄ እንጨቱ ላይ ነው፤ ያዩታል፣ ያሰምሩበታል። ላንቺ ስጽፍልሽ እጄ እዚሁ ከእኔ ጋር መቅረቱን አላሰብኩትም። የደረሰሽ ቃሉ ብቻ ነው። ይህንን ለመረዳት ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለቱንም ቀን ሰው ስቆጣ ነው የዋልኩት። የባንክ ጥበቃዋን እንኳ ያለ ጥፋቷ ተቆጣኋት።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ባለቤቴ፣ ይኸውልሽ፣ ወረድኩ።

አማካሪ መቀየሩን እንዳሻሽ። ለአስተባባሪዋ ስትነግሪያት ግን ሰነፍ ነው አትበይብኝ፤ ሌላውን ሁሉ በይ። ስብሰባው ላይ የተጨበጨበልኝን እንዴት እንደምመልሰው ግን አላውቅም።

አናጢው


ኅዳር 26

ይድረስ ለጋሼ፣

ይቅርታዎ ደርሶኛል። ባለቤትዎን ያመስግኑልኝ።

ምክር አልፈልግም፤ ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። ወንበሮቹን አራት አራቱን ደርድሬ ከሥራቸው ሁለት ረጃጅም ወፍራም እንጨት ላስገባላቸውና ከፍ ላደርጋቸው ነው። መቀመጫቸውን አንሥቼ ከዳር እስከ ዳር ረጅም ጣውላ ላነጥፍ፤ መደገፊያቸውንም በጣውላ ላስረዝም። ባለ መደገፊያ አግዳሚ ወንበር ይሆናል፤ ዝቅታውም ጥበቱም ይወገዳል። ልኩን በሜትር ወስጃለሁ፤ ከጎረቤት የፕላስቲክ ወንበር ላይ።

ጥያቄዬ፦ ረጅም ጣውላ ሰው ተደርድሮ ሲቀመጥበት እንዳይረግብ ምን ላድርግ? አጭር መልስ ይላኩልኝ። ሌላ ወሬ ካለበት አላነበውም።

ሚስማር


ኅዳር 26፣ ከሰዓት

ለሚስማር፣

ጣውላ ሁሉ ትንሽም ብትሆን ጉብታ አለው። አንድ ዓይንሽን ጨፍነሽ በቁመቱ እይው። ጉብታውን ወደ ላይ አድርገሽ አንጥፊ፤ ሰው ሲቀመጥበት ይስተካከላል እንጂ አይረግብም። ወንበርና ወንበር መሐል ከሥር ባዶ አትተዪ፤ ድጋፍ አስገቢበት። ከማስረከብሽ በፊት ሁለት ወፋፍራም ሰዎች መሐሉ ላይ አስቀምጪ፤ ድምፅ ካሰማ ድጋፍ ጨምሪ።

ከዚህ በታች ሌላም ጽፌ ነበር። ባለቤቴ ወረቀቱን በመቀስ ቆርጣዋለች።


ኅዳር 29

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን አሉ? እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ። ጨርሻለሁ።

እንጨቱን ከየት አመጣሽ ቢሉኝ፦ ከሱቁ መደርደሪያዎች። አባቴ ወፍራም አድርጎ ነበር የሠራቸው። ስነቅላቸው አጎቴ መጣ። እጄን የሰጠሁ፣ ሱቁን ለመስታወቱ የማጸዳ መስሎት ፊቱ በራ። «አሁን ገና ሰው ሆንሽ» ብሎ ኮቱን አውልቆ አብሮኝ ነቀለ። ሚስማሩን አንድ በአንድ እየጎተተ አወጣልኝ፣ ጣውላውንም ተሸክሞ ወደ ጓሮ አወጣልኝ። ላብ በላብ ሆኖ ሲያበቃ ምን እንደምሠራ አየ። «አታለልሽኝ» አለ። «አልጠየቅኸኝም» አልኩት። ቢሆንም ለሙከራ ተቀመጥ ስለው ተቀመጠ፤ የስልክ ነጋዴውም ሲመጣ ከጎኑ አስቀመጥኩት። ሁለቱም ወፋፍራም ናቸው። አልረገበም፤ ድምፅም አላሰማ።

ነገ ከሰዓት ክሊኒኩ ሰው ልኮ ያያል። አጎቴም ይኖራል፤ «እነሱ ያሉትን እቀበላለሁ» ብሏል። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። መጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። ነገ እደውልልዎታለሁ፤ ስልኩንም ክፍት እንደሆነ ኪሴ ውስጥ አደርገዋለሁ። እርስዎ ግን አይናገሩ። አንድም ቃል። በደብዳቤ ካልሆነ አላወራም እንዳይሉኝ፤ ማውራት አይደለም የጠየቅኩዎት። መስማት ብቻ ነው።

ሚስማር


ታኅሣሥ 2

ለሚስማር፣

እንደምን አደርሽ? እኔ ድምፄ ዘግቶኛል፤ ሳልናገር ስለዋልኩ ነው።

ምን ምን ሰሙ ብትዪኝ፦ መጀመሪያ ጨርቅ ሰማሁ። የኪስሽ ነው። ከዚያ የመኪና በር። ከዚያ ኃላፊዋ «እነዚያው ናቸው?» አለች፤ አንቺ «እነዚያው ናቸው፤ ግን አይደሉም» አልሽ። አጎትሽ ጉሮሮውን ጠራረገ። ከዚያ የጫማ ድምፅ ብቻ። ምን እየሆነ እንደሆነ ማን ይንገረኝ? ተቀመጠች? ቆመች? ኪስ ውስጥ ያለ ሰው ምን ያያል? ባለቤቴ ጆሮዋን ከጆሮዬ ጋር አጣብቃ «ተቀምጣለች፤ ትንፋሿ ሰፋ» አለች።

ኃላፊዋ «ሰው ሲሞላበት አይረግብም?» ስትልሽ መልሱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አፌን ስከፍት የባለቤቴን መዳፍ አገኘሁ። አንቺ ግን ተረጋግተሽ ስለ ጉብታው አስረዳሻት፣ ስለ ድጋፉ አስረዳሻት። መጀመሪያ ላይ ተሳስቼ ነበር፣ ልኩን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ስትያት ደግሞ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ያበላሸሽው አንቺ አይደለሽም። ግን አይናገሩ ተብያለሁ፤ ዋጥኩት፤ ስውጠው አሳለኝ።

«ኪስሽ ውስጥ የሚያስለው ማን ነው?» አለ አጎትሽ። አንቺም ምንም ሳትጨነቂ «የሥራ ባልደረባዬ ነው» አልሽ። ያኔ ነው ኃላፊዋ ስቃ «ከነባልደረባሽ ተቀብለናል፤ ጫኑት» ያለችው። አጎትሽም ለስልክ ነጋዴው «መስታወትህን ከበሩ ላይ አንሣ፤ ልጅቷ በጎኗ አትግባ» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁ። እስከዚያ ድረስ ስልኩን ያልዘጋሁት ባለቤቴ እያለቀሰችበት ስለነበር ነው፤ እኔ አላለቀስኩም።

አሁን ግን ልቆጣሽ ነው። ባልደረባ? በዚህ ሙያ ስንቱን ለወግ ለማዕረግ ያበቃሁ ሰው? አማካሪዬ ብትዪ፣ አሠልጣኜ ብትዪ፣ «ከሩቅ የሚረዱኝ ታላቅ ባለሙያ» ብትዪ አፍሽን ይይዝሽ ነበር? ሁለት ቀን ሙሉ ተናደድኩ። አስተባባሪዋ ደውላ «አልቀይርም ብላለች» ስትለኝ እንኳ ንዴቴ አልበረደም። «ምን ብላ ነው ያልቀየረችው?» አልኳት። «አልጠየቅኳትም፤ አዳመጥኳት» አለችኝ። ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቀን እጣላለሁ።

ይሁን። ባልደረባ ካልሽኝ የእኔንም ሥራ ተካፈዪኝ። እዚህ አንድ ደንበኛ ቁም ሣጥን አምጥቶልኛል። በክረምት በሩ አልዘጋ ይላል፣ በበጋ ደግሞ አልከፈት ይላል። ልጌለታለሁ፣ ማጠፊያውን ቀይሬለታለሁ፣ ሰድቤዋለሁ። አንቺ ብትሆኚ ከየት ትጀምሪ ነበር? የማላውቀው ሆኖ አይደለም።

አናጢው